ሁሉም ሕፃን ሦስት ኪሎ

ሲስተር አዋላጅነት ተምራ እኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ ስትመደብ በሚዛን ቀልድ አታውቅም ነበር። ሕፃኑ ተወልዶ፣ አልቅሶ፣ እናቱ ደረት ላይ ጥቂት ከሞቀ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ መስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ትወስደዋለች። ጨርቁን አስቀድማ ለብቻው መዝናዋለች። ሕፃኑን ሳሕኑ ላይ ታጋድመውና መርፌው መወዛወዙን እስኪያቆም ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። አባትየው በር ላይ ሆኖ «ወንድ ነው ሴት?» ሲላት «ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ» ብላ ትመልስለታለች። ጾታውን ማወቅ የፈለገ ሌላ ሰው መጠየቅ ነበረበት።

ማዋለጃ ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የመድኃኒት ቁም ሣጥን፣ የማይዘጋ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ የቀድሞ ነርስ የሰቀለችው የአበባ መጋረጃ። ከዕቃው ሁሉ ሲስተር የምትኮራው በሚዛኑ ነበር። ቢያረጅም አይዋሽም።

ይህን ሚዛን የገደለው የመረጃ ጥራት ነው። እውነቴን ነው። አንድ ቀን ከጤና ቢሮ «የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መረጃ ጥራት ተቆጣጣሪ ቡድን» የሚባል ስሙ ከመኪናው የሚረዝም ቡድን መጣ። መዝገቡን አገላበጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተሣሣቁ። ከመካከላቸው ሰውነቱ ሞላ ያለ ጨዋታ ወዳድ ሰውዬ ነበር። «እስቲ እኔስ ስንት ሆኜ ይሆን?» አለና ሳሕኑ ላይ ቁጭ አለበት። ሁሉም ሳቁ። ሚዛኑ ብቻ አልሳቀም። ከሆዱ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ወጣ፤ መርፌው እስከ ጥግ ሄዶ ተመለሰና ሦስት ቁጥር ላይ ተተከለ። ሰውየው ሲነሣም ሦስት። ጥጥ ሲያስቀምጡበትም ሦስት። ምንም ሳያስቀምጡበትም ሦስት።

«ቀላል ነው፣ ይጠገናል» አለ ሰውየው ሱሪውን እያራገፈ። «ጻፉልን ብቻ።»

ቡድኑ ቅጹን ጠዋት ሲገባ አስቀድሞ ሞልቶት ስለነበር ከዚያ በኋላ የደረሰው ነገር ሊካተት አልቻለም። «የሕክምና መሣሪያዎች፤ ሁሉም በሥራ ላይ» የሚል መስመር ላይ ተፈርሞ ተሄደ።

ሲስተር ጻፈች። መልስ መጣ፤ ጥያቄው በንብረት ክፍል በኩል ይቅረብ ይላል። በንብረት ክፍል በኩል አቀረበች። ንብረት ክፍል መዝገቡን አየና ሚዛኑ «በሥራ ላይ» መሆኑን አረጋገጠላት፤ በሥራ ላይ ያለ ዕቃ ደግሞ አይጠገንም። ስልክ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ሰው በትሕትና «እርስዎ እንደሚሉት ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ እዚህ ይታይ ነበር» አላት። ሚዛኑን በዓይኗ እያየች ነበር የምታነጋግረው።

መጀመሪያ ላይ የክብደቱን ቦታ ባዶ ተወችው። ወር አልቆ ስብሰባ ሲጠራ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ በወጉ የተከረከመ ጢም ያለውና ነገር እንዲጎረብጥ የማይወድ ሰው፣ ወረቀቱን አነሣ።

«ሲስተር፣ የእኛ ሪፖርት ብቻ ነው ባዶ ቦታ ያለው። ሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ!»

«አለቃ፣ ሚዛኑ እንደተበላሸ ያውቃሉ። ምን ልጻፍ?»

«ሚዛኑ ስንት ይላል?»

«ሦስት።»

«ታዲያ ያለውን ጻፊያ! አንቺ ከሚዛን ትበልጫለሽ?»

አልበለጠችም። ጻፈች። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቁጥርን ስትጽፍ ብዕሯ ይከብዳት ነበር። ከዚያ ለመደችው። ከዚያ ወዲያ እንዲያውም ጊዜ ለመቆጠብ ብላ የወሩን የክብደት መስመር ወሩ ሲጀመር አስቀድማ ትሞላው ጀመር። የሚወለዱት ልጆች መጥተው ቦታቸውን መያዝ ብቻ ነበር የሚቀራቸው።

ልጆቹን ግን ችላ አላለቻቸውም፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። እጇ ያውቃል። ትንሽ ልጅ ሲያጋጥማት እናቲቱን «ይህን ልጅ ራቁቱን ጡትሽ መካከል አድርጊው፣ በላዩ ልበሺ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ በሦስተኛው ቀን አምጪልኝ» ትላታለች። ይህን ተናግራ ትዞርና መዝገቡ ላይ «ሦስት ኪሎ» ትላለች። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሲስተር ነበረች ማለት ነው፤ አንዷ ታያለች፣ አንዷ ትጽፋለች፤ ሁለቱም አይነጋገሩም።

እናቶቹ ደስተኞች ነበሩ። ድሮ አንዷ ባለ አራት ኪሎ ልጅ ወልዳ ስትንጎራደድ ጎረቤቷ ታኮርፍ ነበር። አሁን እኩልነት ሰፈነ። «የአንቺስ?» «ሦስት ኪሎ።» «የእኔም!» ይተቃቀፋሉ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ስም አወጣላት፤ ሲስተር ሦስት ኪሎ። ስትሰማው ትሥቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ፊቷ ይጠቁራል።

ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ደግሞ ሌላ ሚዛን ነው። ባሏ ሥጋ ሻጭ ነው። ሱቁ ከጤና ጣቢያው ትይዩ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ ቀይ ቀለም የተቀባው ነው። ሰፈሩ «እሷ ታዋልዳለች፣ እሱ ያርዳል፤ ሒሳቡ ተቻችሏል» እያለ ይቀልድባቸዋል። የባሏ ሚዛን በየዓመቱ ይመረመራል። የንግድ ቢሮ ሰዎች የብረት ክብደቶች በሣጥን ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ ይጭናሉ፣ ያነሣሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ መርፌውን ከጎንና ከፊት ያያሉ፤ በመጨረሻ በሽቦና በማኅተም ያሽጉታል። ማኅተሙ ከተነካ ሱቁ ይዘጋል።

አንድ ምሽት እራት ላይ ባልየው ነገሩን አነሣው።

«እኔ አንድ ደንበኛ ላይ ሃምሳ ግራም ባጎድል ሱቄን ያሽጉብኛል። አንቺ ከአየር ላይ ኪሎ እያፈስሽ ለሕዝብ ታድያለሽ፤ ምንም አትባይም። ሙያ ልቀይር መሰለኝ።»

«አንተ ደግሞ! ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ ለመንኩ። ምን ላድርግ?»

«ማለቴ፣ የበሬ ሥጋ ከሰው ልጅ በለጠ ማለት ነው?»

«በመዝገብ ደረጃ፣ አዎ» አለችና ሳህኑን አነሣች።

አማቷ ከጥግ ሆነው ይሰሙ ነበር። ጨዋታ አያልፋቸውም። «ምን ያነታርካችኋል? እኔ አሥር ልጅ ስወልድ አንዱንም የመዘነልኝ የለም። ያልተመዘነ አይጎድልም።»

«እማማ፣ ከአሥሩ ያደግነው እኮ አራታችን ነን» አለ ልጃቸው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና አስተካከሉ። «እነዚያንማ ማን ቆጠራቸው፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ምሽት በኋላ ባልየው ስለ ሚዛን መቀለዱን ለጊዜው ተወው።

ቁጥሩ ግን ሥራውን አላቆመም። ከጤና ጣቢያው ወደ ጤና ቢሮ፣ ከጤና ቢሮው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ወጣ፤ እዚያ ትልቅ ስክሪን ላይ ካርታ አለ፤ አካባቢያችን ካርታው ላይ አረንጓዴ ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ ከሚገባው ክብደት በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን የለም! አንድም! በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም፤ የማይታወቅ ነገር ሲገጥመው ደግሞ የሚጠራጠር መሥሪያ ቤት አለ፣ የሚሸልም መሥሪያ ቤትም አለ። የእኛው ሸላሚ ሆነ። ኃላፊው ከረቫት አድርጎ ሄዶ በመስተዋት የተሠራ ዋንጫ ይዞ መጣና ቢሮው ውስጥ፣ ጎብኚ ሲገባ ፊት ለፊት በሚያየው ቦታ አስቀመጠው።

ከዋንጫው ጋር አንድ ደብዳቤ መጣ። ኃላፊው ስብሰባ ጠርቶ በሚያምር ድምፁ አነበበው። በተመዘገበው አስደናቂ ውጤት መሠረት፣ ከስተው ለታዩ ነፍሰ ጡሮች በየወሩ ይታደል የነበረው አልሚ ዱቄት ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ ይበልጥ ወደሚያስፈልጋቸው ይዛወራል ይላል። ጭብጨባ ሆነ። ሲስተርም ሁለት ጊዜ ካጨበጨበች በኋላ ነው የተነበበው የገባት። እጇን አነሣች።

«ይቅርታ፣ ዱቄቱ ከተነሣ እኮ…»

ኃላፊው ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት። «ሲስተር በውጤቱ ተደስታ ነው፤ እስቲ አጨብጭቡላት» አለ። ተጨበጨበላት። ተቀመጠች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተአምሩን የሚያጠና ሰው ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። ዶክተር ነው፤ የሰለጠነ፣ ረጋ ያለ፣ ሰፊ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው። ውጤቱ ለሌሎች አካባቢዎችም እንዲዳረስ ምስጢሩን ማወቅ ይፈልጋል። ውኃውን በጠርሙስ ወሰደ። አፈሩን በላስቲክ ወሰደ። እናቶችን ሰብስቦ ምን እንደሚበሉ ጠየቃቸው። እናቶች ደግሞ እንግዳ ማሳፈር አይወዱም። ያጡትንም የተመኙትንም ቆጠሩለት፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ። «በቀን?» አለ ብዕሩ እየሮጠ። «በቀን፣ በቀን» አሉት። አንዷ ጨዋታ ሲያምርላት «ጠዋትና ማታ» ብላ ጨመረች።

ከዚያ ማዋለጃ ክፍሉን ሊያይ ገባ። ሙቀት ስለነበር ባርኔጣውን አወለቀና የሚያስቀምጥበት ፈልጎ ሚዛኑ ላይ አኖረው።

«ሲስተር፣ ንገሪኝ፤ ምስጢሩ ምንድን ነው?»

ሲስተር ባርኔጣውን አየች። መርፌውን አየች። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ባርኔጣ ያደረገ ሰው አንገቱ እንዴት ቀና እንዳለ ደነቃት። አፏን ስትከፍት ኃላፊው ቀደማት።

«ጥብቅ ክትትል ነው፣ ዶክተር። ጥብቅ ክትትልና ቅንጅት።»

ዶክተሩ «ቅንጅት» ብሎ ጻፈ። ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። ሲስተር ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሻገር መንገዱ መካከል ቆማ መኪና ጥሩምባ ነፋባት። ዶክተሩ እሷን ነበር የጠየቃት፤ መልሱ ደግሞ ከጎኑ ነበር። «ባርኔጣዎን ይመልከቱ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ሁለት ቃል። አላለችም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ግን ሆዷ ውስጥ ነቀዘ።

ዱቄቱ ከተነሣ በኋላ ከመጡት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ከከተማው ዳር ያለው የጡብ ማምረቻ ውስጥ ጡብ የምትሸከም ሴት ነበረች። ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ አንገቷ ጠንካራ። ሆዷ ከወሩ ይልቅ ገፍቶ ስለነበር ሲስተር መንታ እንደሆኑ ጠርጥራለች። ሴትየዋ ለክትትል ስትመጣ ባዶ ፌስታል አጥፋ ይዛ ነበር።

«ዱቄቱስ፣ ሲስተር?»

«ቆሟል፣ እህቴ።»

«ምነው? ምን አጠፋን?»

«ጎበዞች ሆናችሁ ተብሎ ነው።»

ሴትየዋ ቀልድ መስሏት ትንሽ ፈገግ አለች። ቀልድ እንዳልሆነ ስታይ ፌስታሉን መልሳ አጠፈችው። «እረፊ፣ ሸክም ተዪ» አለቻት ሲስተር። «እሺ» አለች። ሁለቱም እንደማታርፍ ያውቁ ነበር።

ምጧ የመጣው ቀኗ ሳይደርስ፣ ገና ጡብ እንደተሸከመች፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። የሥራ ጓደኞቿ በጡብ ጋሪ ጭነው አመጧት፤ ቀሚሷ ላይ ቀይ አቧራ ነበር። ብዙም አላስቸገረችም። ሁለት ወንዶች ወለደች። ሲስተር የመጀመሪያውን ስትቀበል መዳፏ ጠየቃት፤ ልጅ ነው ወይስ የልጅ ጥላ? ሁለተኛው ከእሱም ያንሳል። ድምፃቸው እንደ ጫጩት ነው። አድርቃ፣ ሁለቱንም እናታቸው ደረት ላይ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው፤ ኮፍያ አጠለቀችላቸው፣ በብርድ ልብስ ሸፈነቻቸውና ወደ ስልኩ ሮጠች።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው ሆስፒታል ሩቅ ነው፤ አምቡላንስ የሚልከውም እሱ ነው። ስልኩን ያነሣው ወጣት ድምፅ ነበር።

«ክብደታቸው ስንት ነው?»

«በጣም ትንንሾች ናቸው። ያለ ጊዜያቸው…»

«ገባኝ፣ ግን ቁጥር ያስፈልገኛል። ከሁለት ኪሎ በታች ካልሆነ አምቡላንስ ማዘዝ አልችልም።»

«በታች ናቸው። ሚዛናችን ስለተበላሸ ነው።»

ቁልፍ ሲነካካ ተሰማ። «እዚህ ሚዛናችሁ በሥራ ላይ ነው ይላል። ደግሞ ከእናንተ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች የሆነ ልጅ አልተወለደም፣ ሲስተር። ባለ ዋንጫዎቹ አይደላችሁ እንዴ?»

ሲስተር ስልኩን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ቁጥሩን ማን እንደጻፈው ታውቃለች። የእጅ ጽሑፏ ነው፤ ያምራል።

«አትዝጋው። አሁን መዝኜ እነግርሃለሁ» አለችና ስልኩን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥታ ወደ በሩ ወጣች። ወደ መንገዱ ማዶ ጮኸች፤ «አንተ! ሚዛኑን ይዘኸው ና!»

ባሏ ለደንበኛ እየመዘነ ነበር። «የቱን ሚዛን?»

«ስንት ሚዛን አለህ? ና ብዬሃለሁ!»

እንዲህ ባለ ድምፅ ጠርታው አታውቅም። ሥጋውን ከሳሕኑ አንሥቶ ደንበኛው እጅ ላይ አኖረው፤ ሚዛኑን አቅፎ፣ ደም የነካው ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ተሻገረ። ግቢው ውስጥ ወረፋ የያዙ ሴቶች ከነሽርጡ ሲያዩት አንዷ ፊቷን ሸፈነች። ሲስተር ሽርጡን አስወልቃ ሚዛኑን በፈላ ውኃና በአልኮል አጠበችው፣ ንጹሕ ጨርቅ ደራረበችበት። ባልየው መርፌውን ዜሮ ላይ መለሰው። ይህን ሥራ በዕድሜው ሙሉ ሠርቶታል፤ አሁን ግን ዜሮ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ።

የመጀመሪያውን ሕፃን አኖረች።

«አንድ ኪሎ… ከአራት መቶ» አለ ባልየው።

ሁለተኛውን አኖረች። ባልየው ጎንበስ አለ፣ ከጎንም ከፊትም አየ። ሱቁ ውስጥ ኪሎ ሲጠራ ድምፁ ሰፈር ያሰማል። አሁን ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ስንት ነው?»

«ተይው፣ የእኔ እመቤት። እንዲህ ያለ ነገር እኔ ለሰው መዝኜ አላውቅም።»

«ንገረኝ!»

«አንድ ኪሎ ከአንድ መቶ።»

ቁጥሩ በስልክ ተነገረ። አምቡላንሱ መጣ። ሲስተር መዝገቡን ከፍታ አስቀድማ የሞላቻቸውን ሁለት የ«ሦስት» ቁጥሮች በቀጥታ መስመር ሰርዛ እውነተኛውን ስትጽፍ ኃላፊው በር ላይ ደረሰ። የሆነውን ሰምቷል፤ የሥጋ ሚዛኑንም አይቷል።

«ሲስተር፣ ልትልኪያቸው ትችያለሽ፣ እኔ ልቤ ድንጋይ አይደለም። ግን ቁጥሩን የግድ በዚህ ወር ማስገባት አለብን? ግምገማው እኮ ሳምንት ነው የቀረው። ትንሽ ብናዘገየው…»

«አለቃ፣ እርስዎ ያዘግዩ። ልጆቹ ግን በዚህ ወር ተወልደዋል።»

እናቲቱ ሁለቱን ልጆች ደረቷ ላይ እንዳሠረች መኪናው ውስጥ ገባች። ሲስተርም አብራ ሄደች። መንገዱ ሁሉ ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን እያስገባች እግራቸውን ትዳስስ ነበር፤ ሞቅ ያለ መሆኑን ለማወቅ። እናቲቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። «ሁለቱም አሉ?» አለች። «አሉ» አለቻት።

ትልቁ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ትንሹ ተረፈ። ሰው ሁሉ ትንሹ ነው የሚሞተው ብሎ ነበር፤ ሞት ግን ሚዛን አይጠይቅም። ሆስፒታሉ ሞቱን መዘገበ። የጤና ጣቢያችን ሪፖርት ላይ «የጨቅላ ሕፃን ሞት፤ የለም» እንደተባለ ቀረ፤ ልጁ የሞተው እዚያ ነዋ። ኃላፊው በዚህች ትንሽ ተጽናና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተር በባሏ ሚዛን ነው የምትመዝነው። እሱ ለሱቁ ሌላ ገዛና ይኼኛውን ከነማኅተሙ ሰጣት። መዝገቡ ነፍስ ዘራ፤ ሁለት ከሰባት መቶ፣ ሦስት ከአንድ መቶ፣ ሁለት ከሁለት መቶ፣ አንድ ከዘጠኝ መቶ። እናቶች ደግሞ መኮራረፍ ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ካርታ ብርቱካንማ ሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ ቀላ።

ዋናው መሥሪያ ቤት ደነገጠ። አካባቢውን «ድንገተኛ የክብደት መቀነስ» መትቶታል ተባለ፤ ኮሚቴ ተዋቀረ፤ አጣሪ ቡድን በሁለት መኪና መጣ። ውኃውን በጠርሙስ ወሰዱ። አፈሩን በላስቲክ ወሰዱ። እናቶችን ሰብስበው በቅርቡ ምን እንደተለወጠ ጠየቁ። የቡድኑ መሪ ኮስታራ ሴት ናት፤ ስብሰባው ላይ ሰንጠረዡን ዘርግታ አስረዳች። ያለፈው ዓመት እንዲህ ነበር፣ ዘንድሮ እንዲህ ሆነ፤ በሽታ ይሆን፣ ድርቅ ይሆን፣ የእናቶች ባህርይ ይሆን?

ኃላፊው «ቅንጅቱ ላልቶ ይሆናል» አለ።

ሲስተር ተነሣች። ኃላፊው እግሯን ፈለገ፤ ራቅ ብላ ነበር የተቀመጠችው።

«የተለወጠው ሚዛኑ ነው» አለች። «ያለፈው ዓመት ሚዛን ተሰብሮ ሦስት ላይ ቆሞ ነበር። የሰበረው የእናንተ መሥሪያ ቤት ሰው ነው። ሦስት ሦስት እያልኩ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ሙሉ። ልጆቹ ድሮም እንዲህ ነበሩ፤ ከስተው ነበር የሚወለዱት። ዱቄቱን ያስነሣሁት በዚህ እጄ ነው።»

የቡድኑ መሪ መነጽሯን አወለቀች።

«አሁን የሚመዝኑበት ሚዛን በጤና ቢሮ የተረጋገጠ ነው?»

«በንግድ ቢሮ ነው። የሥጋ ሚዛን ነው።»

«የሥጋ…» መሪዋ ለረጅም ጊዜ ጻፈች።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ከወር በኋላ ሲስተር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ያልተፈቀደ መሣሪያ በመጠቀም። ሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ በዚያው ሰሞን ከፍ ብሎ ተሹሞ ነበር። ያለፈው ዓመት ቁጥር ይታረም ብላ ያቀረበችው ጥያቄም መልስ አገኘ፤ የዓመቱ ዘገባ ስለተዘጋ አይከፈትም። እናም እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ዓመት በእኛ ሰፈር የተወለዱ ሕፃናት ሦስት ኪሎ ናቸው። ኃላፊው ዋንጫውን መልስ አልተባለም፤ እሱም አላስታወሳቸውም።

ዱቄቱ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ተመለሰ። ከየት መጣ ብላ ስትጠይቅ ከጎረቤት አካባቢ ተነሥቶ ነው አሏት፤ እዚያ ውጤቱ በጣም አምሯል አሉ። ሲስተር እዚያ ላለችው አዋላጅ ደወለችላት። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም።

ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፤ የጡብ ማምረቻዋ ሴት ከሆስፒታል ወጥታ የተረፈውን ልጇን ለመጀመሪያ ክትባት ይዛ ስትመጣ ሲስተር በሩን ዘግታ ሁሉንም ነገረቻት። ሚዛኑን፣ ሦስት ቁጥሩን፣ ዱቄቱን፣ ባርኔጣውን ሳይቀር። ይቅር በይኝ አለቻት። ሴትየዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ልጁን አቅፋ ወጣች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ነርስ እንድትከትብላት ጠየቀች፤ በሚቀጥለውም።

በአራተኛው ወር ሌላዋ ነርስ እረፍት ላይ ነበረች። ሴትየዋ ገብታ ምንም ሳትል ልጁን ከልብሱ አውጥታ ሚዛኑ ላይ ራሷ አኖረችው። ልጁ እግሩን ይወረውራል፤ መርፌው ይወዛወዛል። ሲስተር ብዕሯን አንሥታ ጎንበስ ስትል ሴትየዋ በእጇ መለስ አደረገቻት።

«ቆይ፣ እኔ ላንብበው» አለች።

ማንበብ የምታውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ ጡብ ስትቆጥር የለመደችው። መርፌው እስኪቆም ጠበቀች።

«አምስት» አለች፣ «ከአምስት ትንሽ አለፍ ብሏል።» ከዚያ ሲስተርን ቀና ብላ አየቻት። «ጻፊው።»